ርእሰ አንቀጽ፦ የሚያምረው አጥራችንና የልጆቻችን ደህንነት



ባለፈው ስብሰባችን ስለ አጥርና ስለ አበባ የተነሣውን ክርክር የተገኘ ሁሉ ያስታውሰዋል። ገሚሱ «መርዝ ያለበት ተክል ሁሉ ዛሬውኑ ይነቀል» አለ። ገሚሱ ደግሞ «ከአባቶቻችን ጀምሮ ስንተክለው ኖረናል፣ ማን ሞተበት?» አለ። ሁለቱም ወገን ለሠፈሩ አስቦ ነው። ነገር ግን ተክሉን ለይቶ ማወቅ ይቀድማል።

በመጀመሪያ ጉሎን እንውሰድ። ጉሎ ባዕድ አይደለም፤ የእኛው የምሥራቅ አፍሪካ ተክል ነው። እናቶቻችን ምጣድ ያሟሹበታል፣ ቆዳ ያለፉበታል። ሆኖም ፍሬው ውስጥ ራይሲን የሚባል ብርቱ መርዝ አለ። በ1978 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የሞተው የቡልጋሪያ ደራሲ ጆርጂ ማርኮቭ በዚሁ መርዝ እንደተገደለ መርማሪዎች ደምድመዋል። እግሩ ውስጥ የተገኘችው እንክብል የመርፌ ራስ ታህል ነበር። ዘይቱ ሲጨመቅ መርዙ ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የጉሎ ፋጉሎ ለከብትም ለውሻም አይሰጥም።

አንዳንድ ሰው «ፈረንጆቹስ በየመናፈሻቸው ይተክሉት የለም ወይ?» ይላል። እውነት ነው፣ ይተክሉታል። ግን አየሩ ሌላ ነው። እዚያ ብርዱ ሲያልፍ ይዘሩታል፣ በጥቂት ወራት ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ውርጭ ሲመጣ ይሞታል። ብዙ ጊዜ ፍሬው ሳይበስል ብርዱ ይቀድመዋል። በእኛ አገር ግን ዓመት ካመት ቆሞ ዛፍ ይሆናል። የደረቀው ፍሬ እየፈነዳ ዘሩን መንገድ ላይ ይረጨዋል። ዘሩ ዝንጉርጉርና የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ልጆች እንደ ጠጠር ይጫወቱበታል፣ እየበሱም በክር ይሰኩታል። ሙሉውን የዋጠ አንዳንዴ ሳይጎዳ ሊያልፍ ይችላል፤ የታኘከ ወይም የተበሳ ዘር ግን መርዙን ይለቃል። ሰዓታት ቆይቶ ሆድ ቁርጠት፣ ትውከትና ተቅማጥ ይከተላል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም።

ሁለተኛው፣ ወደ ታች የሚንጠለጠለው ትልቁ የመለከት አበባ ነው። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። በብርድ አገር በቫዞ ተክለው የብርዱ ወራት ሲገባ ወደ ቤት ያስገቡታል። እኛ ጋ ግን ደጅ ሆኖ ያብባል፣ ማታ ማታ ሠፈሩን በሽታው ያውደዋል። ይህ አበባ የአስተናግር ዘመድ ነው። አስተናግር ደግሞ ስሙን በከንቱ አላገኘም፤ የበላውን ሰው ያስቀባጥራል፣ አፍ ያደርቃል፣ ልብ ያስመታል። የመለከቱም ቅጠል፣ አበባና ዘር እንደዚያው ነው። ጭማቂው በእጅ አድርጎ ዓይን ከነካ እንኳ ብሌን ይሰፋል፣ ማየት ይፈዛል።

ሦስተኛው ቅንጭብ ነው። ነጩ ወተቱ ዓይን ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል፣ ይጎዳልም።

እንግዲህ ሁሉም ይነቀል? ማኅበሩ በዚህ አይስማማም። ቅንጭቡ ቢነቀል ለእነዚያ ጧሪ ለሌላቸው አሮጊቶች ቆርቆሮ የሚገዛላቸው ማነው? ዝም ብሎ መቀመጥም አይገባም። ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን፦

1ኛ/ ልጆች በሚመላለሱበት መንገድ ዳር ያለ ጉሎና የመለከት አበባ ይነሣ። በግቢ ውስጥ ያለው ጉሎ ፍሬው ሳይደርቅ ዘለላው ይቆረጥ።

2ኛ/ ቅንጭብ የሚቆርጥ ሰው ዓይኑን ይከልል። ወተቱ ዓይን ከገባ ወዲያው በብዙ ውኃ አጥቦ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

3ኛ/ የተቆረጠው ቅጠልና ፍሬ ለበግ እንዳይሰጥ፣ መንገድ ላይም እንዳይጣል።

4ኛ/ ልጅ ዘሩን ወይም አበባውን ቀምሶ ከተገኘ «እስቲ ይደርበት» ሳይባል፣ የቀመሰውን ተክል ይዞ በፍጥነት ወደ ሐኪም ይወሰድ።

5ኛ/ ከሌላ አገር ዘር የመጣለት ሰው፣ በመጣበት አገር ብርዱ የሚገታው ተክል እዚህ የሚገታው ሊያጣ እንደሚችል አስቦ፣ ከመትከሉ በፊት ይጠይቅ።

ጉልበት ለሌላቸው ጎረቤቶች የማኅበሩ ወጣቶች ቅዳሜ ጠዋት እየዞሩ ይቆርጡላቸዋል። መጥረጊያና ገጀራ ያላችሁ ይዛችሁ ውጡ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ነገ ዛሬ አንበል።

የማኅበሩ ጸሐፊ