የኮሌጅ አማካሪና ከሩቅ የመጣው ተማሪ

ዕቃው ጂቡቲ ወደብ የደረሰለት አስመጪ የጉምሩክን ሥርዓት የማያውቅ እንደ ሆነ፥ የሚያውቅ አስተላላፊ ይቀጥራል። አስተላላፊው ባለዕቃው መጥቶ እስኪጠይቀው ድረስ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ከሆነ፥ ዕቃው በወደቡ እያደረ ኪራይ ይቈጥራል፤ ደንበኛውም እንዲህ ካለው ሰው ጋር ሁለተኛ አይሠራም። ለንግድ ቤት ይህን ያህል ግልጽ የሆነው ነገር በከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ዘንድ በሚገባ የታሰበበት አይመስልም።

ወላጆቹ ዩኒቨርሲቲ የገቡለት ልጅ የትኛውን ትምህርት ማስቀደም እንደሚሻል፥ ነጥቡ ሲወርድም ለማን ማመልከት እንደሚገባ ከቤቱ ሰምቶ ይመጣል። ከቤተ ሰቡ የመጀመሪያው ሆኖ ለገባው ልጅ ግን ይህን የሚነግረው የለም። መጠየቅንም አለማወቅን እንደ መግለጥ ስለሚቈጥረው፥ አማካሪው በሩን ከፍቶ ቢቀመጥ እንኳ ደፍሮ አይገባም።

በአሜሪካ አገር በአትላንታ ከተማ የሚገኘው የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያደረገው፥ የሒሳብ መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው ሁሉ የሚረዳው ሥራ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ከመቶ ተማሪዎቹ በስድስት ዓመት ውስጥ የሚመረቁት 32 ብቻ ነበሩ። በ2012 ዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሊሰናከል መሆኑን የሚያመለክቱ ከ800 የሚበልጡ ምልክቶችን በኮምፒዩተር በየዕለቱ መከታተል ጀመረ፤ የአማካሪዎቹንም ቍጥር ጨመረ። ተማሪው ለሙያው መሠረት በሆነው ትምህርት ዝቅተኛ ነጥብ ቢያመጣ፥ ወይም ለምረቃው የማይቈጠርለትን ትምህርት ቢመዘገብ፥ አማካሪው ራሱ ፈልጎ ይጠራዋል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶው የሚመረቁት ከ50 በላይ ሆኑ፤ ጥቁሮቹና የድኆች ልጆችም ከሌሎቹ እኩል ለመመረቅ በቁ። ከክፍያቸው ጥቂት ገንዘብ ጐድሎባቸው ከመዝገብ ሊሰረዙ ለተቃረቡትም፥ ማመልከቻ ሳያስጽፍ ጕድለቱን ይሞላላቸዋል። ተማሪው ቢቀር የሚታጣው የወደፊት ክፍያ ከተሰጠው ገንዘብ ስለሚበልጥ፥ ይህ ምጽዋት ብቻ ሳይሆን ደኅና ሒሳብም ነው።

ሆኖም አማካሪው ምልክቱን አይቶ «ይህ ለአንተ ይከብድሃልና ወደ ቀላሉ ዙር» የሚል ከሆነ፥ የድኃው ልጅ ሁልጊዜ ቀላሉን ይዞ ይቀራል። እንዲህ ያለው አማካሪ በር ጠባቂ እንጂ የተማሪው አጋር ሊባል አይችልም።

በአገራችን አብዛኛውን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ስለ ሆነ፥ ለጋምቤላው ልጅ ጎንደር፥ ለጅንካው ልጅ ጅግጅጋ ሊደርሰው ይችላል። በአንደኛ ደረጃ የተማረበት ቋንቋ አንድ፥ የከተማው ቋንቋ ሌላ፥ የመማሪያ መጽሐፉ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው። ለዚህ ልጅ አማካሪው በመመዝገቢያ ወረቀት ላይ የሚፈርም ሰው ብቻ ሆኖ ከቀረ፥ በከተማው ውስጥ ዘመድ የሚሆነው ማን ነው? በመጀመሪያው ወር ስሙን አውቆ፥ ማደሪያውንና ምግቡን ጠይቆ፥ እንግሊዝኛው ያስቸገረውን ወደ ረዳት መምህር ቢመራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

የወንድሙን ወይም የእኅቱን ልጅ የሚያስተምር ባለሱቅ በየከተማው አለ። በየወሩ ገንዘብ ይልካል፤ በስልክም «ደኅና ነህ ወይ?» ይላል። ልጁ «ደኅና ነኝ፥ ጋሼ» ብሎ ይመልሳል፤ ሁለት ትምህርት መውደቁ የሚታወቀው ሻንጣውን ይዞ ሲመለስ ነው። ባለሱቁ ገንዘብ ከመላክ ሌላ የአማካሪውን ስም ጠይቆ ቢይዝና በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ልጁ ባለበት ቢያነጋግረው፥ የላከው ገንዘብ የት እንደ ደረሰ ያውቅ ነበር።

በዩኒቨርሲቲ ከተሞች ያሉ ነጋዴዎችም ለመጓጓዣና ለመጽሐፍ የሚሆን መጠነኛ ገንዘብ አዋጥተው ቢያስቀምጡ፥ ከአትላንታው ሥራ አንዱን ክፍል ለመፈጸም ይችላሉ። ነገር ግን ገንዘቡ ላመለከተ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፥ ማመልከቻ መጻፍ የለመደው ቀድሞ ይወስደዋል። ስለዚህ የችግረኞቹን ስም አማካሪው ራሱ ያቅርብ፤ በዚያ ወር ወደ ቢሮው ብቅ ያላሉትንም ተማሪዎች ስም አብሮ ያስመዝግብ።