በአንጀት መጨረሻ ስለሚወጣው ነቀርሳና ስለ ኤም አር አይ ምርመራ

ዛሬ የምናነሣው ነገር በገበታ ላይ የማይነገር ነው፤ ነገር ግን ባለመነገሩ ብዙ ሰው ስለሚጐዳ፥ ይቅርታችሁን ለምኜ እጽፈዋለሁ።

በአዳማ የማውቀው አንድ የጅቡቲ መንገድ የጭነት መኪና ነጂ፥ ዓይነ ምድሩ ከደም ጋር ሲወጣ «ኪንታሮት ነው» እያለ ከሚስቱ እንኳ ሰውሮ ብዙ ወራት ቈየ። በመጨረሻ ሲመረመር በትልቁ አንጀት መጨረሻ ላይ የወጣ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። ከሕመሙ ይልቅ ያስፈራው፥ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ዓይነ ምድሩ በሆዱ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ይወጣ ይሆናል መባሉ ነበር። «እንዲህ ሆኜ በለቅሶ ቤት ከሰው መካከል እንዴት እቀመጣለሁ?» አለኝ።

እኔ የችሎት ጸሐፊ እንጂ ሐኪም ስላልሆንሁ መልስ አጣሁ፤ ጠይቄና አንብቤ ያገኘሁት ግን ይህ ነው። በሽታው ሥር ሰዶ ሲገኝ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ከመቍረጣቸው በፊት ጨረርና ኬሞቴራፒ የተባለውን መድኃኒት ይሰጣሉ። ከሳምንታት በኋላም ነቀርሳው ምን ያህል እንደ ሞተ በኤም አር አይ ይመለከታሉ። ይህ መሣሪያ በብርቱ ማግኔት የሚሠራ ነው እንጂ እንደ ራጅ ጨረር የሚያወጣ አይደለም። በተራው ሥዕል ጠባሳውና በሕይወት የቀረው ነቀርሳ ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ በሰውነት ውስጥ ያለው ውሃ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚያሳይ ሌላ ሥዕል ይጨመራል። የሕያው ነቀርሳ ሕዋሳት ተጨናንቀው ስለሚኖሩ ውሃው መላወሻ አጥቶ በሥዕሉ ላይ ደምቆ ይታያል፤ ሕዋሳቱ ሲፈርሱ ግን ውሃው እንደ ልቡ ስለሚመላለስ ድምቀቱ ይጠፋል። ሕክምናው ሳይጀመር ማን እንደሚድን ከሥዕሉ አስቀድሞ ለማወቅ የሚደረገው ጥረት ገና በሙከራ ላይ ነው።

በብራዚል አገር በሳን ፓውሎ ከተማ ዶክተር አንጀሊታ ሀብር ጋማ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጽሑፍ፥ ነቀርሳው በሕክምናው ፈጽሞ የጠፋላቸውን ሰዎች ሳይቈርጡ እየመረመሩ ማቈየት እንደሚቻል አሳዩ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2018 ከልዩ ልዩ አገሮች ተሰብስቦ የታተመው የ880 ሰዎች መዝገብ፥ በ2 ዓመት ውስጥ ከ4ቱ በአንዱ ያህል ነቀርሳው በዚያው ስፍራ ተመልሶ እንደ በቀለ ያመለክታል። በችሎትም አንድ ምስክር ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ሐኪሙም ከሥዕሉ ጋር በጣቱ ይዳስሳል፥ በመመልከቻ መሣሪያም ውስጡን ያያል፤ ይህንም በየጥቂት ወሩ ለዓመታት ይደጋግማል።

ችግሩ ከዚህ ላይ ነው። ለብዙ ዘመን በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚገኘው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በጅማና በሐረርም ተጀምሯል። ከመቂ ወይም ከሻሸመኔ ለሚመላለስ ሰው ግን የመንገዱና የማደሪያው ወጪ ከባድ ነው። ስለዚህ ክትትሉን የማይችል ሰው ቀዶ ጥገናውን ቢመርጥ፥ በእኔ አስተያየት ፈሪ ሊባል አይገባውም።

ወዳጄ ጨረሩን ጨርሶ የኤም አር አይ ቀኑን ይጠባበቃል። የቀጠሮውን ወረቀት አሁን የምትይዘው ሚስቱ ናት።