ስለ ሳሳ አጥንትና ስለ አጥንት ሲሚንቶ

በእርጅና ምክንያት አጥንቱ የሳሳበት ሰው የጀርባው አንጓ ሲሰበርበት ወይም ከስፍራው ሲንሸራተትበት፥ ሐኪሞች ከበስተኋላ ብሎን እያስገቡና ብሎኑን በብረት ዘንግ እያያያዙ ጀርባውን ያቆሙለታል። ይህ ሥራ በብርቱ አጥንት ላይ ሲሆን ይጸናል፤ በሳሳ አጥንት ላይ ሲሆን ግን ብሎኑ በፈረሰ ጭቃ ላይ እንደ ተተከለ ችካል እየላላ ይወጣል። ሽማግሌው ወይም አሮጊቲቱም ያንኑ ሥቃይ ዳግመኛ ለመቀበል ወደ ቀዶ ጥገና ይመለሳሉ።

ለዚህ ችግር ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ የአጥንት ሲሚንቶ ነው። ስሙ ሲሚንቶ ይባል እንጂ ግንበኛ ከሚያውቀው ጋራ ዝምድና የለውም፤ ዱቄቱና ፈሳሹ በተደባለቁ ጊዜ እየሞቀ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚጠነክር የአክሪሊክ ዓይነት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1960 ዓ.ም. ስለ ዳሌ መገጣጠሚያ የጻፈው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ፥ ሲሚንቶው እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ሳይሆን ክፍተቱን ሞልቶ ሸክሙን በሰፊው የሚያካፍል መሆኑን አስረድቷል። በ1984 ዓ.ም. ደግሞ በፈረንሳይ አገር በአሚየን ከተማ ጋሊቤርና ዴራሞን የተባሉ ሐኪሞች በደም ሥር እብጠት በተጎዳ የአንገት አንጓ ውስጥ በመርፌ አስገቡት። ዛሬ ለብሎን ሲሆን፥ ወይ ሲሚንቶው ቀድሞ ገብቶ ሳይደርቅ ብሎኑ ይከተለዋል፤ ወይም ውስጡ ክፍት፥ ጎኑ ቀዳዳ ያለው ብሎን ከገባ በኋላ ሲሚንቶው በውስጡ ይገፋል።

ነገር ግን ሲሚንቶው ገና ቀጭን ሳለ ከተገፋ በደም ሥር ገብቶ እስከ ሳንባ ይደርሳል፤ ወደ ሕብለ ሰረሰር የፈሰሰ እንደ ሆነም ሰውን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ እንደ ጥርስ ሳሙና እስኪወፍር መታገሥ፥ በሚገፋበትም ጊዜ ዓይኑን ከራጁ ምስል አለመንቀል ግዴታው ነው። ቍስሉ ቢመረቅዝ ደግሞ የደረቀውን ማውጣት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ይህን አደጋ አይተው ሲሚንቶውን ፈጽመው የሚነቅፉ አሉ፤ ብርታቱን አይተው ለሁሉ ይደረግ የሚሉም አይጠፉም። ሁለቱም ሳይመዝኑ ይፈርዳሉ። አጥንቱ ብርቱ የሆነ ሰው ያለ ሲሚንቶ የሚድን ሲሆን ለምን የሳንባ አደጋ ይጨመርበታል? አጥንቱ የሳሳውንስ በባዶ ብሎን ማሰናበት ምን ይጠቅመዋል? የሚለያቸው ከቀዶ ጥገናው በፊት የሚደረገው የአጥንት ጥግግት ምርመራ ነው። እንግዲህ ለሐኪም ቤት ገንዘብ የሚመድብ ሹም፥ ሲሚንቶውንና ብሎኑን ከማዘዙ አስቀድሞ መለኪያውን ሊያስብ ይገባዋል።

ደግሞም ሲሚንቶ የሚያጸናው የገባበትን አንጓ ብቻ ነው፤ ከበላዩና ከበታቹ ያሉት እንደ ሳሱ ይቀራሉ። ለአጥንቷ መድኃኒት ሳይታዘዝላት የተሰናበተች አሮጊት፥ ብሎኗ ሳይነቃነቅ በጎረቤቱ አንጓ ስብራት ልትመለስ ትችላለች።