የፈተናው መልስና የጣቢያው መልስ

«ተጠርጣሪ ከተያዘ በኋላ በስንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት? ሀ) በ24 ለ) በ48 ሐ) በ72 መ) እንደ ሁኔታው።»

ጥያቄውን ያነበበችልኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት። ምክትል ሳጅን ናት፤ ወደ ምርመራ ክፍል ለመዛወር ትፈተናለች። ዕድሜዬን በጥብቅና የጨረስሁ ሰው ስለሆንሁ፣ ማታ ከሥራ ስትመለስ ሥላሴ አጠገብ ካለው ቤቴ ጎራ ትልና ፎቶ ኮፒ እየተባዛ ፊደሉ የደበዘዘ የጥያቄና መልስ ጥራዝ ትዘረጋለች። እዚህ ጥያቄ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «ጋሼ፣ የቱን ላጥቁር? የፈተናውን ነው የጣቢያውን?» አለችኝ።

እየቀለደች አልነበረም። በፈተናው ወረቀት ላይ መልሱ «ለ» ነው። በጣቢያው «መ» ነው። ዓርብ ማታ የተያዘ ሰው ሰኞ ቢቀርብ ዕድለኛ ነው፤ አለቃ «ትንሽ ይቆይ» ካለ ይቆያል፤ ለምን እንደሚቆይ የሚጠይቅ ተረኛ የለም። ልጅቷ ሁለቱንም መልስ ታውቃለች፤ ፈተናውንም እንደምታልፍ አልጠራጠርም። የሚያንገበግበኝ ማለፏ ስለ እሷ አንዳች ነገር የማይነግረን መሆኑ ነው። በየበረንዳው የሚሸመደደው ይህ የአንቀጽ ጥራዝ መርማሪ አይመርጥም። የሚመርጠው ሁለት መልስ በኪሱ ይዞ፣ የትኛውን የት ማውጣት እንዳለበት የተማረን ሰው ነው።

ሕግ ጎድሎብን አይደለም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 27 መርማሪው የተያዘውን ሰው «መልስ ያለመስጠት መብት አለህ» ብሎ እንዲነግረው ያዛል። በአንቀጽ 31 ማስፈራራትንም ማባበልንም ይከለክላል። በአንቀጽ 33 ፍርድ ቤት ለይቶ ካላዘዘ በቀር ቤት የሚበረበረው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው ይላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 አርባ ስምንት ሰዓቱን፣ ዝም የማለት መብቱን፣ ተገዶ የተሰጠ ቃል ማስረጃ አለመሆኑን አጸና። የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ጎረቤት ፓርላማው ነው፤ ነጋሪት ጋዜጣ የሚታተምበት ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትም እዚያው አራት ኪሎ ነው። ሕጉ ሠፈራችን ውስጥ ወጣ፣ ሠፈራችን ውስጥ ታተመ፤ ቁልቁል ፒያሳ ለመድረስ ግን ጉልበት አጣ። እርግጥ ሕገ መንግሥቱ ተጠርጣሪውን ፍርድ ቤት ለማድረስ የሚወስደው የመንገድ ጊዜ በ48 ሰዓቱ ውስጥ አይቆጠርም ይላል፤ ይህ ለበረሃና ለሩቅ ወረዳ የታሰበ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ጣቢያ ተነሥቶ አንድ ችሎት ለመድረስ ሳምንት የፈጀበት ደንበኛ ነበረኝ። በእግሩ ለቀውት ቢሆን ኖሮ በዚያ ሳምንት ሐዋሳ ይገባ ነበር።

እስቲ ፒያሳ እንውረድ። ማዕከላዊ የሚባለው የምርመራ ግቢ ንጉሡም፣ ደርግም፣ ኢሕአዴግም ተገልግለውበታል። መንግሥት ሲወድቅ ግቢው አይወድቅም፤ ቁልፉ ብቻ እጅ ይለውጣል። ለክፍሎቹ እስረኞች ስም አውጥተውላቸው ነበር፦ ጨለማ ቤት፣ ጣውላ ቤት፣ ሳይቤሪያ። ትንሽ ነጻነት የሚገኝበትን ክፍል ደግሞ «ሸራተን» አሉት (የአዲስ አበባ ሰው ተረብ ማዕከላዊ ድረስ ይከተለዋል)። ሂዩማን ራይትስ ዎች በጥቅምት 2006 ስለዚሁ ግቢ ባወጣው ሪፖርት የቀድሞ እስረኞች እንዴት እየተደበደቡና ለረጅም ሰዓት በማያስችል አኳኋን እንዲቆሙ እየተደረጉ የእምነት ቃል እንደተወሰደባቸው ዘርዝሯል። ታኅሣሥ 25 ቀን 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ግቢው ተዘግቶ ሙዚየም እንደሚሆን ተናገሩ። በሰኔ ወር ተተኪያቸው ዐቢይ አሕመድ ፓርላማ ፊት ቆመው፣ ሰውን ጨለማ ክፍል ማስገባትና መግረፍ የእኛው የአሸባሪነት ተግባር ነበር አሉ።

ታዲያ በዚያ ግቢ የሠሩት መርማሪዎች አንቀጽ 19ን አያውቁትም ነበር? ተምረዋል፣ ተፈትነዋል፣ ማዕረግ በትከሻቸው ጭነዋል። ከመንገደኛው ሁሉ በላይ ያውቁታል። ማስረጃ ልስጣችሁ፦ በየመዝገቡ የሚገኘው ቃል «ያለ ማንም አስገዳጅነት በፈቃዴ የሰጠሁት ነው» በሚል ዐረፍተ ነገር ያልቃል፤ ከሥሩ ፊርማ አለው። ይህችን ዐረፍተ ነገር ማይም አይጽፋትም። ሕጉ ምን እንደሚጠይቅ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነው የሚጽፋት።

የጊዜ ቀጠሮ ችሎት የተቀመጠ ሰው ደግሞ የመርማሪውን ንግግር ከመርማሪው ቀድሞ ሊጨርሰው ይችላል። «ምርመራዬን አላጠናቀቅሁም። ግብረ አበሮቹ አልተያዙም። ቢወጣ ምስክር ያባብላል፣ ማስረጃ ያጠፋል። ተጨማሪ 14 ቀን ይፈቀድልኝ።» ዐሥራ አራት ቀን ሕጉ ያስቀመጠው ጣሪያ ነው፤ በተግባር ግን መነሻ ዋጋ ሆኖ አረፈው። በሚያዝያ 2006 ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ተይዘው ማዕከላዊ ገቡ። አራዳ ምድብ ችሎት እየተመላለሱ ሦስት ወር ገደማ ያለ ክስ ቆዩ። ከዚያ በሽብር ተከሰሱ። በሐምሌ 2007 የአምስቱ ክስ ተነሣ፤ በጥቅምት 2008 የቀሩት አራቱ ከሽብር ክሱ ነጻ ተባሉ። በዚያ ሁሉ ቀጠሮ «ሊሰበሰብ የቀረ» የተባለው ማስረጃ የት ገባ? ማንስ ተጠየቀበት? የትኛው መርማሪ ማዕረጉ ዘገየበት?

በ2001 የወጣው የፀረ ሽብር አዋጅ ደግሞ ነገሩን ሕጋዊ ልብስ አለበሰው። የቀጠሮውን ትንሹን ልክ 28 ቀን አደረገው፤ ምንጩም ሆነ የተገኘበት መንገድ ያልተገለጸ የደኅንነት ሪፖርት በማስረጃነት እንዲቀርብ ፈቀደ። አዋጁ በ2012 በሌላ ተተካ። አስቸኳይ ጊዜ ግን በ2014ም በ2015ም ታወጀ፤ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ መያዝ እንደገና ተፈቀደ። ያኔ የጎረቤቴ ልጅ ጥራዝ ከነጥያቄው ዕረፍት ወጣ ማለት ነው።

አጣርቶ በመያዝ ፈንታ ይዞ የማጣራት ነገር ሥሩ ጥልቅ ነው። ድሮ ሌባ ሻይ የሚባል ነበረ፦ አንድን ብላቴና ቅጠል በጥብጠው ያጠጡታል፣ ጢስ ያስቡታል፣ ራሱን ሲስት ገመድ ታስሮ ይለቀቃል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው። ተከሳሹ ምን ይል? «ልጁ ለምን እኔ ደጅ ወደቀ?» ብሎ ማንን ይጠይቅ? በአራዳ ገበያ ዛፍ ላይ ሰው ይሰቀል በነበረበት ዘመን ይህ የምርመራ ጥበብ ነበረ። ዛሬ ብላቴናው ቀረ፣ ገመዱም ቀረ፤ በቦታው «መረጃ ደርሶናል» የሚለው ቃል ገባ። ማን አደረሰው? ከየት? መልስ የለም።

ሥላሴ ግቢ የሚገባ ሰው የስልሳዎቹን መታሰቢያ ሳያይ አይወጣም። ያንን ድንጋይ አይቶ ስለ ፖሊስ ፈተና የሚያስብ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ግን ላስረዳ። በ1966 የባለ ሥልጣናቱን ጥፋት የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምን የመሰሉ ሰዎች ነበሩበት። ኮሚሽኑ ሰነድ ይመረምራል፣ ሰው ይጠይቃል፣ ቃል ይጽፋል፤ አዝጋሚ ሥራ ነው። ደርግ አልታገሠም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ሁለቱን የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድንና እንዳልካቸው መኮንንን ጨምሮ ስልሳ ያህል ሰው ያለ ፍርድ ገደለ። ከእነርሱ መካከል በርግጥ ያጠፋ ነበረ? ሊኖር ይችላል። ማንኛችንም ግን አሁን ማወቅ አንችልም፤ መዝገቡ ሳይዘጋ ባለ መዝገቡ ተገደለ። የሚገርመው የገዳዮቹ መጨረሻ ነው፦ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቁሞ፣ ከ1987 ጀምሮ ዐሥራ ሁለት ዓመት ተከራክሮ በ1999 ጥፋተኛ ያስባላቸው በራሳቸው ቃለ ጉባኤና ፊርማ ጭምር ነው። በመዝገብ ያልታገሡ ሰዎች በመዝገብ ተያዙ።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ፤ ፖሊስን ብቻ ሰድቤ ብሄድ ልክ አይደለሁም። ፒያሳ ላይ ሞባይል ነጥቆ የሮጠ ልጅ ሲያዝ ምን እንደምናደርግ እናውቃለን። ሱፍ የለበሰው፣ ነጠላ ያጣፋችው፣ ከታክሲ የወረደው ሁሉ አንዳንድ ጥፊ ያዋጣል። ፖሊሱ ደርሶ ልጁን ከሕዝቡ እጅ ሲያስጥል «አንተም ተካፋይ ነህ!» እንለዋለን። ጣቢያ ሄደን ንብረታችን ሲዘገይብን «እስቲ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙት፣ ሳይቀምስ አያወጣም» የምንለው እኛው ነን። ወንድማችን ሲያዝ ደግሞ ሕገ መንግሥት እንጠቅሳለን። እኔ በሙያዬ ይህን ሁለት ፊት ብዙ ጊዜ ከአንድ ቤተሰብ አፍ ሰምቼዋለሁ።

ፖሊሶች የሚሰጡኝ መልስ አላቸው፤ ከፊሉ እውነት ነው። ደመወዙ አይበቃም፣ የአሻራና የቤተ ሙከራ ውጤት ይዘገያል፣ አንድ መርማሪ ላይ የመዝገብ ክምር ይጫናል። ተቀብያለሁ። ግን «መልስ ያለመስጠት መብት አለህ» ለማለት ስንት ብር ያስፈልጋል? ሰዓቱን በመዝገቡ ላይ በትክክል ለመጻፍ ምን ላቦራቶሪ ይጠይቃል? መሣሪያ ያላቸውም ያለ ልጓም ሲለቀቁ ያው ናቸው። እንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም የቦምብ ፍንዳታ የተከሰሱት ስድስት ሰዎች የእምነት ቃላቸው ተይዞባቸው ዐሥራ ስድስት ዓመት ታስረው እ.ኤ.አ. በ1991 ነጻ ወጡ። እዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ሕግ ከመርማሪው የተለየ የእስረኛ ኀላፊ በየጣቢያው አስቀምጦ ነበር፤ መርማሪው ቢቸኩል የእስረኛውን ሰዓት የሚቆጥረው ሌላ መኮንን ነው። የምርመራ ቃልም በቴፕ ይቀዳ ጀመር። ይህን ያደረጉት የፖሊሶቻቸውን ሽምደዳ ተማምነው አይደለም።

ስለዚህ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ይቅር። ተፈታኙ አንድ ያለቀ የምርመራ መዝገብ ስሙ ተሸፍኖ ይሰጠውና ስሕተቱን ለቅሞ ያውጣ፦ የተያዘበት ሰዓትና ቃሉን የሰጠበት ሰዓት ለምን አይገጥሙም? ብርበራው በሌሊት ሲካሄድ ትእዛዙ የታለ? ኤግዚቢቱን ማን ተረከበ፣ ከማን ተረከበ? ሦስቱ ምስክሮች በአንድ ቃል፣ በአንድ የሆሄ ስሕተት ሳይቀር እንዴት ተናገሩ? የፈተናውን ወረቀት የሚያርመውም የፖሊስ አለቃ ብቻ አይሁን፤ ወንበሩን በጡረታ የለቀቀ ዳኛና በችሎት የኖረ ተከላካይ ጠበቃ አብረው ያርሙት። ተከላካይ ጠበቃ የሚለውን ሲሰማ የሚስቅ ኮማንደር እንዳለ አውቃለሁ። ይሳቅ፤ መዝገቡን ችሎት ላይ ቀድዶ የሚጥለው ያው ጠበቃ ነው፤ አስቀድሞ ቢያየው ይሻላል።

ለጎረቤቴ ልጅ ጥራዙን አስዘግቼ አንድ ጥያቄ በራሴ እጅ ጻፍሁላት። ተጠርጣሪው ከተያዘ 46 ሰዓት ሆኖታል። ብቸኛው ምስክር ዛሬ ጠዋት መጥቶ «በሌሊት ነው፤ መልኩን ለይቼ አላየሁም» ብሏል። አንቺ ግን ሰውየው እንዳደረገው በልብሽ እርግጠኛ ነሽ። አለቃሽ ስልክ ደውሎ «የምስክሩን አዲስ ቃል አትመዝግቢው፣ ሰውየውን ለጊዜው ወደ ሌላ ጣቢያ አዛውሪው» ይልሻል። በመዝገቡ ላይ የምትጽፊውን ቃል በቃል ጻፊ፤ ለአለቃሽ የምትመልሺውንም ጻፊ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 ቃል ለማውጣት አስገድዶ ያሠቃየውን ሲቀጣ፣ ያዘዘውን አለቃ ደግሞ አብልጦ እንደሚቀጣ ጠቅሼ ከሥሩ ጨመርሁላት፤ በጥራዟ ውስጥ ያ አንቀጽ የለም። ወረቀቱን ይዛ ሄዳለች፤ መልሱን ገና አላመጣችልኝም። ጥያቄውን ግን ለዕድገት ቦርዱ አባላትም ቢያድሉት ደስ ይለኛል፤ እነርሱ ሰዓት አይገደብባቸው፣ መጽሐፍ ገልጠውም ይሥሩ።