ስንቁን የያዘች

ጎሮ፣ ከምኖርበት ቤት አጥር ወዲያ፣ ጎረቤቴ እማማ በሶ ያዘጋጃሉ። የተፈተገውን ገብስ ምጣድ ላይ እያገላበጡ ሲቆሉት ሽታው ሰፈሩን ያውደዋል። አንድ ቀን ዱቄቱን በውኃ ለውሰው ጭብጥ ያህል እጄ ላይ አኖሩልኝና «ዘማች የሚይዘው ይሄን ነበር» አሉኝ። ገባኝ። በሶ ዘመቻ ላይ ለመብላት እሳት አይፈልግም፤ እሳት ካልነደደ ጭስ የለም፤ ጭስ ከሌለ ጠላት ጦሩ የሰፈረበትን አያውቅም።

የዓድዋን ሴቶች ስናነሳ ይህን ስንቅ የማሰናዳት ሥራ «እገዛ» እንለዋለን። ቃሉ ያንሳል። ስንቁ በእጁ ያለ ሰው ዘመቻው መነሣት አለመነሣቱን፣ ከተነሣም የት ድረስ እንደሚዘልቅ ይወስናል። ይህ ፖለቲካ ነው።

የሰሜን አሜሪካ ኢሮኳዎች ይህን በሕጋቸው አጽንተውት ነበር። እርሻውና የበቆሎ ጎተራው የሴቶች ነበር፤ አለቃ የሚሰይሙትም የሚሽሩትም የጎሳ እናቶች ናቸው። ዘመቻውን ካልወደዱት ለተዋጊው የተቆላ የበቆሎ ዱቄት፣ የእነሱን በሶ በሉት፣ ይከለክሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1687 በሰሜን አሜሪካ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ገዥ ዴኖንቪል ከኢሮኳ ሕዝቦች አንዱ በሆኑት በሴኔካዎች ላይ ሲዘምት በየመንደሩ እህሉን አቃጠለ። የኢሮኳዎች ጉልበት ያለው ጎተራው ውስጥ መሆኑን ያውቅ ነበር።

እቴጌ ጣይቱም የራሳቸው መሬት፣ የራሳቸው ጦር ነበራቸው። በ1881 የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ምኒልክ ከፈለጉ በጣልያን በኩል ከውጭ መንግሥታት ጋር መጻጻፍ ይችላሉ ሲል፣ በጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። የጣልያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ ይህንኑ ለማጽናት አዲስ አበባ ሲመላለስ ፊት ለፊት የሞገቱት እቴጌ ናቸው። ይህን «የሴት ቁጣ» እያሉ የሚያወሩ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ጦርነት ቢመጣ ስንቁንና ሠራዊቱን ከሚያሰናዱት አንዷ እሳቸው ነበሩ፤ እምቢ ያሉት የሚያስከፍለውን እያወቁ ነው።

ሥልጣናቸው የባላቸው ጥላ ነው የሚል አይጠፋም። ከፊሉ እውነት ነው። የኢሮኳ እናት ሥልጣን በእናት የዘር ሐረግ ይወረሳል፤ የእቴጌን ሥልጣን ግን የሚጠብቅላቸው ሕግ አልነበረም። ምኒልክ አልጋ ላይ ሲውሉ፣ በ1902 መኳንንቱ ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው። ጥላ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ግን መኳንንቱ ለማግለል ያን ያህል ባልተማከሩ ነበር።

ጦርነቱ መጥቶ ይህ ሥልጣን በሥራ የታየበትን መቀሌን እንመልከት። በታኅሣሥና ጥር 1888 ጣልያኖች እንዳ ኢየሱስ ላይ መሽገው የኢትዮጵያን ጦር ጥቃት መለሱ። ምንጩ ከምሽጉ ውጭ ነበር። ውኃው ይያዝ ብለው የመከሩት እቴጌ ናቸው፤ የጠበቁትም የእሳቸው ሰዎች። የምሽጉ አዛዥ ጋሊያኖ ከነወታደሩ በጥማት ተቃጥሎ ምሽጉን ለቀቀ።

በየካቲት 23 ደግሞ ዓድዋ ላይ፣ በእቴጌ ትእዛዝ፣ ሴቶች ውኃ ተሸክመው በተኩሱ መካከል ወደ ተዋጊውና ወደ ቁስለኛው ወጡ።