ታክሱን ማን ይሰብስብ?

ሲልቨር ስፕሪንግ ሆና የሐበሻ ቀሚስ በኢንተርኔት የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ እናስብ። ያንኑ ቀሚስ ወደ ተለያዩ ግዛቶች ስትልክ ሂሳቡ በየአድራሻው ይለዋወጣል። እዚያው ሜሪላንድ ላለችው ደንበኛ 6 በመቶ የሽያጭ ታክስ ትጨምራለች። ሚኒሶታ ልብስን ከታክስ ነፃ ስላደረገ ወደ ሚኒያፖሊስ የሚሄደው ላይ ምንም አይጨመርም። ኒውዮርክ ዋጋው ከ110 ዶላር በታች የሆነ ልብስ ላይ የግዛቱን ታክስ አይጥልም፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ይጥላል። ፔንሲልቬንያ ደግሞ የዘወትር ልብስን ነፃ አድርጎ ለድግስና ለሥነ ሥርዓት የሚለበሰውን ያስከፍላል። ታዲያ ባለ ጥልፍ ቀሚስ የድግስ ልብስ ነው ወይስ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚኬድበት? ሽያጯ ግዛቱ ካስቀመጠው ገደብ ካለፈ ይህን የምትወስነው ራሷ ሻጯ ናት። መሰብሰብ የሚገባትን ሳትሰበስብ ብትቀር ደግሞ የጎደለውን ከነቅጣቱና ከነወለዱ ከኪሷ ትሞላለች።

ኢትዮጵያ ውስጥ ተጨማሪ እሴት ታክስ ከሞያሌ እስከ መቀሌ 15 በመቶ ነው። አሜሪካ ግን አገር አቀፍ የሽያጭ ታክስ የላትም። 45 ግዛቶችና ዋሽንግተን ዲሲ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ይጥላሉ። በብዙዎቹ ካውንቲውና ከተማው ከላይ ይደርባል። የሽያጭ ታክስ የመጣል ሥልጣን ያላቸው አካላት ሲደመሩ ከ10,000 ይበልጣሉ።

ለረጅም ዘመን ይህ ሁሉ የሩቅ ሻጭን አያሳስበውም ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1967፣ ቀጥሎም በ1992 ኩዊል በተባለው ድርጅት ጉዳይ፣ አንድ ግዛት ሱቅ፣ መጋዘን ወይም ሠራተኛ በግዛቱ ውስጥ የሌለውን ነጋዴ ታክስ እንዲሰበስብ ማስገደድ አይችልም ብሎ ወስኖ ነበር። ታክሱ ግን አልተሰረዘም። ገዢው ራሱ አስልቶ ለግዛቱ እንዲከፍል ሕጉ ይጠብቅበት ነበር፤ የከፈለው ሰው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

በዚህ ክርክር ውስጥ ድምፁ እምብዛም የማይሰማው ባለሱቁ ነው። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የባህል ዕቃ የሚሸጥ ሰው ኪራይ ይከፍላል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ከእያንዳንዱ ሽያጭ 6 በመቶ ሰብስቦ ለመንግሥት ያስገባል። በዚያ ዘመን ደንበኛ ገብቶ ጀበናውን አንስቶ ያገላብጥ፣ ረከቦቱን ይለካ፣ ስለ አሠራሩ ይጠይቅ ነበር፤ ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ በስልኩ ያንኑ ዕቃ ከሌላ ግዛት ያለ ታክስ ያዝዝ ነበር። ባለሱቁ የተሸነፈው በንግድ ችሎታ አይደለም። ሕጉ ራሱ ለተፎካካሪው የ6 በመቶ ቅናሽ ስለሰጠበት ነው። ይህ ቅሬታ እውነተኛ ነበር፤ የኢንተርኔት ሻጮች ጠበቃ የሚሆን ሰው አቃልሎ ሊያልፈው አይገባም።

ግዛቶቹም የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት ከሩቅ ሻጮች ቢሰበሰብ ኖሮ ግዛቶችና የአካባቢ መስተዳድሮች በ2017 ብቻ ከ8 እስከ 13 ቢሊዮን ዶላር ተጨማሪ ገቢ ያገኙ እንደነበር ገምቷል። ደቡብ ዳኮታ የገቢ ግብር ስለሌላት ለመንግሥት አገልግሎቶቿ በአመዛኙ የምትተማመነው በሽያጭ ታክስ ነው። በ2016 የሩቅ ሻጮች ታክሱን እንዲሰበስቡ የሚያስገድድ አዲስ ሕግ አውጥታ ዌይፌር፣ ኦቨርስቶክና ኒውኤግ የተባሉትን የኢንተርኔት ሻጮች ፍርድ ቤት የገተረችውም ለዚህ ነበር።

ሰኔ 2018 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ለደቡብ ዳኮታ ፈረደ። ዳኛ አንተኒ ኬኔዲ ለብዙኃኑ ሲጽፉ፣ አንድ ድርጅት ግዛቱ ውስጥ በአካል አለ ወይስ የለም የሚለው መለኪያ ለዛሬው ንግድ እንደማይሆን አስረዱ። በተቃውሞ የጻፉት ዋና ዳኛ ጆን ሮበርትስ ናቸው። የሚገርመው፣ የ1967ቱ ውሳኔ ስህተት እንደነበር እርሳቸውም ተስማምተዋል። የተለዩት ማረሙ የኮንግረስ ሥራ ነው በማለታቸው ነው። ሸክሙ የሚከብደው በትንንሾቹ ላይ መሆኑን ለማሳየትም ምሳሌ ደረደሩ፦ ኢሊኖይ ውስጥ ትዊክስ ዱቄት ስላለበት ምግብ ነው፣ አጠገቡ የሚደረደረው ስኒከርስ ግን ዱቄት ስለሌለው ከረሜላ ነው፤ የሚከፈልባቸው ታክስም ይለያያል።

የደቡብ ዳኮታ ሕግ ለትንሽ ነጋዴ መከለያ ነበረው። በዓመት ከ100,000 ዶላር በላይ ወደ ግዛቱ ካልሸጠና 200 ሽያጭም ካልሞላ አይመለከተውም ነበር። ከፍርዱ በኋላ አብዛኞቹ ግዛቶች ይህንኑ ወይም ተቀራራቢውን ወሰዱ፤ ካሊፎርኒያና ቴክሳስ ግን የገንዘቡን ገደብ 500,000 ዶላር ላይ ሰቀሉት። ሚዙሪ በ2023 መጀመሪያ ስትገባ የሽያጭ ታክስ ያላቸው ግዛቶች ሁሉ ተጠቃለሉ።

100,000 ዶላር ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ እዚያ የደረሰ ሻጭ ቢሰበስብ አይከፋኝም። የሚጎዳው 200 የሚለው ቁጥር ነው። በርበሬና ሽሮ በ12 ዶላር ጥቅል የሚሸጥ ሰው ወደ አንድ ግዛት 200 ጥቅል ቢልክ የሸጠው 2,400 ዶላር ነው። ትርፉ ከዚህ ላይ ስንት እንደሚሆን ነጋዴ የሆነ ያውቀዋል። በዚያ ላይ ብዙ ግዛቶች የምግብ ሸቀጥን ታክስ አያስከፍሉም፤ ነገር ግን ከታክስ ነፃ የሆነው ሽያጭም በብዙዎቹ ዘንድ ለገደቡ ይቆጠራል። ስለዚህ ሰውየው ይመዘገባል፣ በየወሩ ወይም በየሩብ ዓመቱ ዜሮ ብሎ ፋይል ያደርጋል፣ ለሶፍትዌሩና ለአካውንታንቱ ይከፍላል። ግዛቱ ምንም አያገኝም፤ እርሱ ግን ይከስራል።

በሌላ ወገን የሚነገረውም ሐሰት አይደለም። ኮምፒውተር በ1992 ያልቻለውን ዛሬ ይችላል፤ አድራሻው ሲገባ ታክሱ ወዲያው ተሰልቶ ይወጣል። ሕጋቸውን ለማቀራረብ የተስማሙ 24 ግዛቶች መስፈርቱን ለሚያሟሉ የሩቅ ሻጮች የሶፍትዌሩን ወጪ ራሳቸው ይሸፍናሉ። ብዙው ትንሽ ሻጭም ገደቡን የሚያልፈው ቢበዛ በጥቂት ግዛቶች ነው። ሆኖም ካሊፎርኒያ፣ ቴክሳስ፣ ኒውዮርክ፣ ፍሎሪዳ፣ የሐበሻው ሰፈር የሆኑት ሜሪላንድና ቨርጂኒያም ከስምምነቱ ውጭ ናቸው። ሶፍትዌሩም ቢሆን ቀሚሱ የድግስ ልብስ መሆን አለመሆኑን ሻጩ ካልነገረው አያውቅም።

ትልቁ ማቃለያ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ግዛቶቹ አማዞን፣ ኤትሲና ኢቤይን የመሳሰሉ የገበያ መድረኮች በላያቸው ለሚሸጡ ነጋዴዎች ሁሉ ታክሱን ሰብስበው እንዲያስገቡ አዘዙ። በመድረክ ላይ ብቻ ለሚሸጥ ሰው ይህ እውነተኛ እፎይታ ነው። ችግሩ ራሱን ለመቻል የሞከረው ላይ ነው። የራሱን ድረ ገጽ ከፍቶ፣ ደንበኞቹን በስም የሚያውቅ፣ ለማንም ኮሚሽን የማይከፍል ነጋዴ ወረቀቱ ሲበዛበት ወደ መድረኩ ይገባል። እዚያ ኮሚሽን ይቆረጥበታል፣ ደንበኛውም የመድረኩ ደንበኛ ይሆናል። አማዞን የራሱን ሽያጭ በተመለከተ የሽያጭ ታክስ ባላቸው ግዛቶች ሁሉ መሰብሰብ የጀመረው ከፍርዱ በፊት፣ በ2017 ነው፤ ፍርዱ ከበደ ቢባል ለእርሱ አይደለም። ባለሱቁን ከትልልቆቹ ያድናል የተባለው ሥርዓት ትንሹን የኢንተርኔት ነጋዴ ወደ እነዚያው ትልልቆች እቅፍ መግፋቱ እኔን በጣም ያሳስበኛል።

እንደኔ እምነት ታክሱ ተገቢ ነው። ከሱቅ የገዛና በስልኩ ያዘዘ ሰው አንድ ዓይነት መክፈል አለበት። ሊስተካከል የሚገባው አሰባሰቡ ነው፤ ያ ደግሞ ተሞክሮ ያውቃል። በ2013 የአሜሪካ ሴኔት 69 ለ27 ባጸደቀው ረቂቅ፣ ዓመታዊ የሩቅ ሽያጩ ከ1 ሚሊዮን ዶላር የማይበልጥ ነጋዴ ነፃ ይሆን ነበር። የተወካዮች ምክር ቤት ግን ሳያጸድቀው ቀረ። አውሮፓ ኅብረትም ከሐምሌ 2021 ጀምሮ አንድ ሻጭ በአንድ አገር ተመዝግቦ የሌሎቹን አባል አገሮች ታክስ እዚያው በአንድ ሪፖርት እንዲያሳውቅ ፈቅዷል። የታክሱ መጠን ከአገር አገር እንደተለያየ ነው፤ የቀነሰው የወረቀቱ ብዛት ነው።

ደቡብ ዳኮታ ራሷ የ200 ሽያጩን መለኪያ በ2023 ሰርዛለች፤ ሌሎች ግዛቶችም ሰርዘዋል። መለኪያውን እስካሁን ያቆዩት እርሷን ለመከተል የማንንም ፈቃድ አይጠብቁም፤ የየራሳቸው ምክር ቤት ድምፅ ይበቃል። አንድ ምዝገባና አንድ ሪፖርት ለሁሉም ግዛት እንዲበቃ ማድረግ ግን የኮንግረስ ሥራ ነው።