አንድ ቀን ከመመስገን ዘወትር መታመን

በጎ ሥራ የሚጠላ ተማሪ እስካሁን አልገጠመኝም። በዓል በተቃረበ ቁጥር አንድ ዓይነት ካናቴራ የለበሱ ወጣቶች ዳቦና ሳሙና፣ ደብተርና እስክሪብቶ ተሸክመው ወደ አረጋውያንና ወደ ችግረኛ ልጆች ሲሄዱ እናያለን። ጽሑፍ ያለበት ጨርቅ ይዘረጋል፤ መዝሙር ይዘመራል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ከዚያም አውቶቡሱ ወደ መጣበት ይመለሳል። ይህ ክፉ ነው ለማለት አይደለም፤ ዳቦው የተራበውን ያጠግባል፤ ሳሙናውም ያነጻል። ነገር ግን በማግሥቱ፣ በሳምንቱና በወሩ ማን ይመጣል ብለን የጠየቅን እንደ ሆነ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ ዝምታ ነው። የዛሬው ጽሑፌ ዐሳብ ይኸው ነው፤ የክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረቶች በአንድ ቀን በብዛት ከሚሠሩት ሥራ ይልቅ፣ ዓመቱን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ የሚሠሩት ይበልጣል። ለዚህም ምስክር አድርጌ የማቀርበው ከከተማችን በስተ ደቡብ ያለውን አቃቂ ቃሊቲን ነው።

አቃቂ የሥራ አገር ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው አቃቂን አልፎ ነው። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካውና መጋዘኑ፣ የጭነት መኪናውና ወዛደሩ ባቡሩን ተከትለው መጡ። የከተማውን እድፍ ተሸክመው የሚወርዱት ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞችም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ የሚጓዙት በዚሁ በኩል ነው። ዛሬ ደግሞ የቀላል ባቡሩ የደቡብ መስመር ቃሊቲ ላይ ያበቃል፤ ወደ አዳማ የሚወስደው የክፍያ መንገድ ከቱሉ ዲምቱ ይጀምራል፤ በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ያለው በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። እንግዲህ በአንድ ወገን የምሕንድስና ተማሪ፣ በሌላው ወገን የቀን ሠራተኛ ልጅ ይኖራል፤ በመካከላቸው ያለው አንድ አጥር ብቻ ነው።

ግቢ ጉባኤም ይባል ፌሎሺፕ፣ ስሙ እንደየቤተ ክርስቲያኑ ይለያይ እንጂ የተማሪዎች ኅብረት ጠባዩ አንድ ነው። አባላቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበሰቡት ከዩኒቨርሲቲው ቅጥር ውጭ፣ በሰፈሩ ባለ ቤተ ክርስቲያን ወይም አዳራሽ ነው፤ ስለዚህ ቢያስቡትም ባያስቡትም የሰፈሩ እንግዶች ናቸው። ሌላ ማኅበር በብዙ ድካም የማያገኛቸውን ሦስት ነገሮች ኅብረቱ አስቀድሞ ይዟል። አንደኛ፣ በየሳምንቱ ሳይጠሩ የሚመጡ ሰዎች አሉት። ሁለተኛ፣ አባላቱ ስለሚተዋወቁ የቀረው ማን እንደ ሆነ ወዲያው ይታወቃል። ሦስተኛ፣ ተመራቂው ሲወጣ አዲስ ገቢው ይተካል። ለዘለቄታ ሥራ ከዚህ የተሻለ ድርጅት ከየት ይገኛል?

ምን ይሥሩ? ቢባል፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠራው ማስጠናትን ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ዓመት አንሥቶ የታየውን ውጤት እናስታውስ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆኑ። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ደግ ነው፤ ሆኖም ከመቶው ልጆች ከ90 የሚበልጡት አሁንም ከግማሽ በታች ይዘው ይመለሳሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ማለት በዚህ ጠባብ በር ያለፈ ሰው ነው። እናቱ ከፋብሪካ በሌሊት ተረኛ የምትመለስ፣ አባቱም ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ያልገባውን ማንን ይጠይቅ? ሒሳብ የሚከብደውም 12ኛ ክፍል ሲደርስ አይደለም፤ ክፍልፋይ ሳይገባው ከ5ኛ ክፍል ስላለፈ ነው። ስለዚህ ሥራው ከታች መጀመር ይገባዋል።

ሒሳቡን እናስላ። 40 አባላት ያሉት አንድ ኅብረት እያንዳንዱ በሳምንት ሁለት ሰዓት ቢሰጥ፣ በ30 ሳምንት 2,400 ሰዓት ይሆናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚህ ነው። ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ልጅ ቀጠሮ አይረሳም። ቅዳሜ ጧት ደብተሩን ይዞ በር ላይ ቆሞ አስጠኚው የቀረበት ልጅ፣ ይህም ሁለት ሦስት ጊዜ የደረሰበት እንደ ሆነ፣ ክፍልፋይን ሳይሆን ሌላ ትምህርት ይማራል፤ የተማረ ሰው ቃል ውኃ መሆኑን። ይህን ትምህርት በኋላ የሚያስረሳው አስተማሪ በቀላሉ አይገኝም። ጀምሮ ከመተው አለመጀመር ይሻላል የምለው ስለዚህ ነው።

ለጽናት ምሳሌ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። አቶ አስፋው የምሩ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት አዳሪ ተማሪ ሳሉ፣ ከተማሪዎች ማዕድ የተረፈውን ምግብ እየሰበሰቡ በአቅራቢያው ባለው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለሚለምኑ ልጆች ይሰጡ ነበር። ነገሩ በምግብ አልቆመም፤ በ1949 ዓ.ም. ገደማ፣ ገና ራሳቸው ልጅ ሳሉ፣ ልጆቹን በዛፍ ጥላ ሥር ማስተማር ጀመሩ። ያ የዛፍ ሥር ትምህርት አሠረ ሐዋርያት የተባለው ትምህርት ቤት ሆነ፤ ለችግረኛ ልጆችም የዕውቀት በር ከፈተ። በ1993 ዓ.ም. የዓለም የልጆች ሽልማት ተሰጣቸው፤ በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም ስማቸው ከዚያ ትምህርት ቤት አልተለየም። ልብ እንበል፤ ሲጀምሩ ደመወዝም ቢሮም አልነበራቸውም። ሥራውን ታላቅ ያደረገው የመጀመሪያው ቀን ፍርፋሪ ሳይሆን፣ በሁለተኛው ቀን መመለሳቸው ነው።

ሁለተኛው ሥራ ደም መስጠት ነው። በአቃቂ ቃሊቲ የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ። በወሊድ ጊዜ ደም የሚፈስሳት እናትና በመንገድ አደጋ የተጎዳ ሾፌር የሌላ ሰው ደም ካላገኙ የሐኪም ጥበብ ብቻውን አያድናቸውም። ደም ደግሞ እንደ እህል በጎተራ አይከማችም፤ በማቀዝቀዣ ቢጠበቅ እንኳ የሚቆየው ከ35 እስከ 42 ቀን ያህል ነው። አንድ ጤነኛ ሰው ግን በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል። እንግዲህ የኅብረቱ አባላት ሁሉ በአንድ ቀን ተሰልፈው ቢሰጡ፣ ያ ደም ካለቀ ወይም ጊዜው ካለፈበት በኋላ ሰጪ ሁሉ ገና ተራውን ይጠብቃል። ሦስት ቦታ ተከፍለው አንዱ ወገን በመስከረም፣ ሁለተኛው በጥቅምት፣ ሦስተኛው በኅዳር ለደም ባንክ ቢሰጡ ግን፣ በታኅሣሥ የመጀመሪያው ወገን ተራ ይደርሳል፤ ዓመቱን ሙሉ የሚያቋርጥ ወር አይኖርም። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ ልዩነቱ የአሠራር ብቻ ነው።

ሌሎችም ትንንሽ የሚመስሉ ሥራዎች አሉ። ከገጠር የመጣ በሽተኛ ካርድ የሚወጣበትን መስኮትና የላቦራቶሪውን በር እስኪያገኝ ድረስ ግማሽ ቀን ይንከራተታል። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡት ተማሪዎች አፋን ኦሮሞም ሌላም ቋንቋ ያውቃሉና፣ በሆስፒታሉ ፈቃድ በተራ እየቆሙ ቢመሩትና ቢያስተረጉሙለት ገንዘብ አይጠይቅም። እንደዚሁም የአንዲት አሮጊት ቤት ጣራ መታደስ ያለበት በግንቦት ነው እንጂ ዝናቡ አልጋቸውን ካራሰ በኋላ በነሐሴ አይደለም።

ገላን ጉራንም መዘንጋት አይገባም። በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ በልማት ምክንያት የተነሡ አያሌ ቤተ ሰቦች በዚያ ሠፍረዋል። ዕቃ በመኪና ይጫናል፤ ዕድርና የቡና ጎረቤት ግን አይጫንም። ልጆቹ አዲስ ትምህርት ቤት፣ አረጋውያኑም አዲስ መንገድና አዲስ ጤና ጣቢያ መልመድ አለባቸው። አገር ለቆ በባዕድ ሰፈር መኖር ምን እንደ ሆነ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይልቅ ማን ያውቃል? በየሳምንቱ አንድ ቀን ቤት ለቤት እየሄደ፣ «እማማ፣ እንዴት አደሩ? መድኃኒትዎን ወሰዱ?» የሚል ወጣት ለእነዚህ ሰዎች የዘመድ ያህል ነው።

«ጊዜ የለንም፤ እኛም ድኾች ነን» የሚሉ ይኖራሉ። እውነት ነው፤ የላብራቶሪው ሥራና ፈተናው ከባድ መሆኑን ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ብዙ ያልቆየሁ ስለ ሆንኩ አውቃለሁ። ግን የተጠየቀው ሁለት ሰዓት ነው፤ እሱንም በስልክ መስኮት ስንት ጊዜ እንደምናፈስሰው ሁላችንም እናውቃለን። ሌሎችም «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» ይላሉ። መንግሥት ትምህርት ቤት ይሠራል፣ መምህር ይቀጥራል፤ ነገር ግን ደብተሩ ላይ ተደፍቶ ከሚያለቅስ ልጅ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው በበጀት አይመደብም። ደግሞም ተማሪን አዞ ማሰማራት በአገራችን ተሞክሯል። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ከመመረቁ በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይልክ ነበር፤ አብዛኞቹም አስተማሪዎች ሆኑ። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ዘምተዋል። ሁለቱም ለዘማቹ አገሩን አሳይተውታል፤ ሁለቱም ግን በትእዛዝ የመጡ ስለ ነበሩ በትእዛዝ አበቁ። በፈቃድ የተጀመረ ሥራ ግን ትእዛዝ ሲነሣ አይነሣም።

አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። የማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ የተራበውን፣ የተጠማውን፣ እንግዳውን፣ የታረዘውን፣ የታመመውንና የታሰረውን ሲቆጥር፣ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን አባል እንደ ሆነ አይጠይቅም። ስለዚህ በማስጠናቱ መካከል ልጁን ከእናቱ ሃይማኖት ለመሳብ መሞከር ወይም ደብተሩን የስብከት ዋጋ ማድረግ እምነትን አያስከብርም። ወላጅ ይህን የጠረጠረ ቀን ልጁን ይከለክላል፤ በሩም ለሌላው ሁሉ ይዘጋል። እስላሙም ክርስቲያኑም ልጁን ሳይሰጋ የሚልክበት ቤት የተገኘ እንደ ሆነ፣ ያ ቤት ያለ ቃል ይሰብካል።

አጀማመሩ እንዴት ይሁን? ኅብረቱ አምስት ሥራ ሳይሆን አንድ ሥራ ይምረጥ፤ ያውም ከግቢው በእግር የሚደረስበትን። በ200 ልጅ ሳይሆን በ20 ልጅ ይጀምር። ከትምህርት ቤቱ አንድ መምህር ጋር ይማከር፤ የልጆቹ ስምና የደረሱበት በመዝገብ ይጻፍ። በፈተና ሰሞን የማይመጣ መሆኑን አስቀድሞ ለልጆቹ ይንገር። ዋናው ነገር ግን፣ እያንዳንዱ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ከመመረቁ አንድ መንፈቅ አስቀድሞ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ይዞ ይምጣና ልጁን፣ ወላጁንና መዝገቡን ያስተዋውቀው። ሥራ በሰው ሞቅታ ብቻ ከቆመ ከሰውዬው ጋር ይመረቃል፤ በርክክብ ከቆመ ግን ግቢ ውስጥ ይቀራል።

በየወረዳው ያላችሁ ወጣት ሹማምንትም ድርሻ አላችሁ። ፈቃደኛ ሲመጣላችሁ ስንት ሰው እንደ መጣ ለሪፖርት ከመቁጠራችሁ በፊት፣ ቅዳሜ ተዘግቶ የሚውለውን የመማሪያ ክፍል ቁልፍ ስጡት፤ ለትምህርት ቤቱና ለሆስፒታሉ የሚያቀርበውንም ደብዳቤ ሳታመላልሱ ጻፉለት። ዛሬ ና ነገ ና የተባለ በጎ ፈቃድ በሦስተኛው ቀን ይቀዘቅዛል።

ወጣቶች ሆይ፣ ዘመናችን ብዙ የሚጀምሩ፣ ጥቂት የሚፈጽሙ ሰዎች ዘመን እንዳይባል እንጠንቀቅ። አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ በአሁኑ ሰዓት ክፍልፋይ ያልገባው ልጅ አለ፤ የሚፈልገው ካናቴራም ጽሑፍ ያለበት ጨርቅም አይደለም። የፊታችን ቅዳሜ የሚመጣለትን፣ በሚቀጥለውም ቅዳሜ የማይቀርበትን አንድ ሰው ነው።